ሙቀት፣ መብረቅና የሰደድ እሳት፦ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ነዋሪዎች የጤና መረጃ

ደባርቅ ወይም ዳባት ለሚኖር ሰው «በሙቀት ሊታመሙ ይችላሉ» ቢሉት ይስቃል። አይፈረድበትም፤ ማታ ማታ ጋቢ ሳይደርቡ በማይታደርበት አገር ሙቀት የሌላ ሰው ችግር ይመስላል። እኔ ግን በሙቀት ክፉኛ ተጎድቶ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ተወልዶ ያደገውን ሰው ሳይሆን ደገኛውን ነው። ብርድ የለመደ ሰውነቱን ይዞ ወደ ቆላ ይወርድና የቆላውን ሰው ያህል ልሥራ ይላል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርደው ዛሪማ ሲደርሱ ከፍታው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲቀጥሉ ደግሞ ይብሳል። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር አየሩ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይሞቃል። ጠዋት ደባርቅ ላይ እጅዎን እያሻሹ መኪና የተሳፈሩ ሰው፣ በዚያው ቀን ላብ በላብ ሆነው ሊውሉ ይችላሉ ማለት ነው።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በዚህ አካባቢ ሦስት አደጋዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ሙቀቱ ይበረታል፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ደርቆ እሳት ይፈልጋል፤ ከዚያም የመጀመሪያው ዝናብ ነጎድጓድና መብረቅ ይዞ ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ ሦስቱ በሰውነት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት፣ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉና መቼ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ እንዳለብዎ ያስረዳል።

ሙቀት የሚያስከትለው ሕመም

ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በላብ ነው። ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቆላ የሰነበተ ሰው ቶሎ ያልበዋል፣ ብዙ ያልበዋል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። አዲስ የወረደ ሰው ግን ይህን ገና አልተማረም። ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ይህ በተለይ ለቀን ሥራ ወደ መተማ፣ ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ወጣቶችን ይመለከታል። ክፍያው በሠሩት ልክ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጉልበታቸውን ያወጣሉ። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ሊሄድ ከሆነ ይህን ይንገሩት፦ የመጀመሪያውን ቀን ከሙሉው ሥራ እኩሌታውን እንኳ አትሥራ፤ ከዚያ በየቀኑ ጨምር። ሥራውን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ በጥላ ማሳለፍ ከተቻለ ከሁሉም ይሻላል። በሥራ ላይ እያሉ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ይገባል። ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንጻሩ ደግሞ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ብቻውን መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ሌላ አደጋ ያመጣል፤ ምግብ ከጨው ጋር መብላት ያስፈልጋል። ጠላ ውሃ አይተካም፤ አረቄማ ጭራሽ ያደርቃል። ቡና በልኩ ከሆነ ችግር የለውም።

የሽንትዎን ቀለም ይመልከቱ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነዎት። እንደ ደረቀ ሻይ ከጠቆረ ዘግይተዋል፤ ቀይ ወይም ቡና የመሰለ ከሆነ ደግሞ ጡንቻ እየተጎዳ ኩላሊትም አደጋ ላይ ስለሆነ በዚያው ቀን ይታከሙ።

የሙቀት ሕመም ሲጀምር ብዙ ጊዜ በእግርና በሆድ ጡንቻ መኮማተር ነው። ዕረፍት፣ ጥላና ኦአርኤስ ይበቃዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብና ፈጣን የልብ ምት ነው። ይህ ሰው አእምሮው ጤናማ ነው፤ ስሙን፣ ያለበትን ቦታ በትክክል ይናገራል። ጥላ ውስጥ አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ ልብሱን ያላሉ፤ ቀስ በቀስ ያጠጡት። አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው። ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ይበጥብጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ይውሰዱት።

ሦስተኛው ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የምንለው ነው፤ ይህ ይገድላል። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ቴርሞሜትር ባይኖርዎም የሚለዩት በአእምሮው ነው። ይቃዣል፣ ይንገዳገዳል፣ ይቆጣል፣ ያልተገባ ነገር ይናገራል፣ ያንቀጠቅጠዋል ወይም ራሱን ይስታል። ቆዳው ደረቅና ትኩስ ሊሆን ይችላል፤ በሥራ ላይ የወደቀ ወጣት ግን ላብ በላብ ሆኖም ሂት ስትሮክ ሊኖረው ይችላል። «እያላበው ነው፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

እዚህ ላይ ማቀዝቀዝ ከማጓጓዝ ይቀድማል። መኪና እስኪመጣ በዝምታ የሚጠበቅ አንድም ደቂቃ የለም። ልብሱን አውልቁ፤ ውሃ በመላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፤ ነጠላ ነክራችሁ አልብሱትና በኃይል አራግቡ፤ ነጠላው ሲሞቅ መልሳችሁ ንከሩ። ወንዝ ወይም ምንጭ አጠገብ ከሆነ እስከ አንገቱ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ራሱን ደግፎ ይያዝ። በመኪና ውስጥም መስኮት ከፍታችሁ ማራጠብና ማራገብ ቀጥሉ። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚቃዥ ሰው ምንም አታጠጡ። ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አይሠራም።

«ምች ነው» ሲባል

በአካባቢያችን ፀሐይ መትቶት ራሱን ያመመውና ትኩሳት የያዘው ሰው ምች መታው ይባላል። ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም ይጠጣል። እናቴም ለእኔ አድርጋልኛለች፤ ከንፈር ላይ ለሚወጣው ውኃ ለቋጠረ ቁስልና ለተራ ጉንፋን ሰው ዳማከሴ ቢጠቀም አልከራከርም። ችግሩ ሌላ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ የተቃዠን ሰው «ምች ነው» ብሎ ጭስ ማጠን፣ ላብ እንዲወጣው በብርድ ልብስና በጋቢ መጠቅለል፣ በሩን ዘግቶ ማስተኛት የሂት ስትሮክ ተቃራኒ ሕክምና ነው። ሙቀቱን ይጨምርበታል። አእምሮው ከተዛባ ጋቢውን ይግፈፉ እንጂ አይደርቡለት።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት ወባ ነው። ደጋ የሚኖር ሰው ለወባ የዳበረ መከላከያ የለውም፤ ከቆላ በተመለሰ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዘው፣ ሙቀቱ ነው ድካሙ ነው ሳይሉ የደም ምርመራ ያድርግ። ለሐኪሙም «ቆላ ነበርኩ» ብሎ መናገር አለበት፤ ደባርቅ ላይ ለተቀመጠ ሐኪም ይህ አንድ ቃል ትልቅ ነገር ነው። ከመተማና ከሁመራ አካባቢ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደት ከቀነሰና ግራ ጎኑ ካበጠ ካላ አዛርም ይመርመር።

ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው?

ሕፃናት፣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የልብ፣ የኩላሊትና የስኳር ሕሙማን ቅድሚያ ይሰጣቸው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ አይሰጥም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ለመጥባት ከደከመ ወዲያውኑ ይውሰዱት። በሚወርድበት መንገድ ሕፃኑን በሁለትና በሦስት ጨርቅ ጠቅልሎ ማዘልም ልማድ ነው፤ ሊማሊሞን ሲጨርሱ አንዱን ያንሱለት።

ጾምን በሚመለከት፣ ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በሞቃቱ ወቅት ስለሆነ ብዙ ታካሚዎች ይጠይቁኛል። ጤነኛ ሰው ሥራውን ከቀነሰና ከጾሙ ሰዓት ውጭ በደንብ ከጠጣ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ግን በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ መዋል የለባቸውም። ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሕሙማን የምትሰጠው ፈቃድ እንዳለ ካህናቱ ያውቃሉ። ለሙስሊም ወገኖችም ረመዳን በሞቃት ወር ሲውል ጉዳዩ ያው ነው።

መድኃኒቶችም አሉ። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ ሽንት የሚያስመጡ ክኒኖች (ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ) ውሃና ጨው ያስወጣሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን ላብን ወይም የሰውነትን ሙቀት መቆጣጠሪያ ያውካሉ። ማንኛውንም መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። ቆላ ሊከርሙ ከሆነ ግን ከመውረድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መጠኑን ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

ኢንሱሊን ደባርቅ ላይ ያለ ፍሪጅ በጥላ ቢቀመጥ ብዙ አይጎዳም፤ በተከፈተ በአራት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ቆላ ላይ ግን ይበላሻል። ፍሪጅ ከሌለ ቀላል ዘዴ አለ፦ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሽ የሸክላ ዕቃ አስገብተው በመሐሉ አሸዋ ይሙሉ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ያርጥቡ፤ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልለው በውስጠኛው ያስቀምጡ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ያኑሩት። እናቶቻችን ውሃን በእንስራ የሚያቀዘቅዙበት ሳይንስ ይኸው ነው።

ደጋ የቀሩትም ፀሐይዋን መናቅ የለባቸውም። አየሩ ቢቀዘቅዝም ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው ጨረር ይጨምራል፤ በየአንድ ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። እረኞች፣ አስጎብኚዎችና የፓርክ ጠባቂዎች ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ሙሉ ልብስ ያድርጉ። አልቢኖ የሆነ ልጅ ካለዎት ይህ የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው፤ ቆይቶ የቆዳ ካንሰር የሚመጣው ከዚህ ፀሐይ ነው።

መብረቅ

ነጎድጓዱን ከሰሙ መብረቁ ሊመታዎ በሚችልበት ርቀት ላይ ነዎት። ዝናቡ ገና እርስዎ ጋ አልደረሰም ማለት ምንም ዋስትና አይደለም፤ መብረቅ ከዝናቡ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ይመታል። ብልጭታውን እንዳዩ ይቁጠሩ፤ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ ወዲያውኑ ይጠለሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚመታው ዝናቡ ሊመጣ ሲል ወይም ካባራ በኋላ ከብቱን ሊሰበስብ ሲወጣ ነው።

ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ተረተርና አፋፍ ላይ የሚሄድ ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ አለበት። ለልጆች ደጋግመው የሚነግሯቸው አንድ ነገር ይኑር፦ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ነጠላ ዛፍ መብረቁን ይቀበላል፤ ከዚያ በግንዱና በሥሩ ወደ ቆሙት ሰዎችና ከብቶች ያልፋል። በአንድ ምት ከዛፍ ሥር ብዙ ከብት አብሮ የሚሞተውም ለዚህ ነው።

ጥሩ መጠለያ የሚባለው የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት ትልቅ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና በቅሎ መጠለያ አይደሉም። የሣር ጎጆም አይደለም፤ እንዲያውም ይቀጣጠላል። በቆርቆሮ የተከደነ የጭቃ ቤት ሙሉ ጥበቃ አይሰጥም፤ ሌላ ከሌለዎት ግን ከግድግዳው፣ ከምሰሶው፣ ከበሩና ከኤሌክትሪክ ገመድ ርቀው መሐል ላይ ይቀመጡ። ስልክ መብረቅ ይስባል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቻርጅ እየተደረገ ያለ ስልክ መያዝ ግን አደገኛ ነው።

ሜዳ ላይ ከያዘዎት ከአፋፍ ይውረዱ፤ ከሽቦ አጥር፣ ከውሃና ከመንጋው ይራቁ፤ በቡድን ከሆናችሁ ቢያንስ አሥር እርምጃ ተራራቁ። አንዱ ቢመታ ሌላው የሚያነሳው እንዲኖር ነው። መሮጫ ካጡ ሁለት እግርዎን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ፤ መሬት ላይ አይተኙ። ይህ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ መከላከያ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። መብረቅ ከመታቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይተርፋሉ። የሚሞቱት በአብዛኛው ልባቸውና ትንፋሻቸው በዚያው ቅጽበት ቆሞ ነው፤ ልብ ብዙ ጊዜ ራሱ መልሶ ይነሣል፣ ትንፋሽ ግን ይዘገያል፤ አየር ያላገኘው ልብ ሁለተኛ ይቆማል። በዚያ መሐል ያለችውን ጊዜ የሚሞላላቸው አጠገባቸው ያለው ሰው ብቻ ነው። መብረቅ የመታው ሰው አካል ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ መንካት ይቻላል፣ መነካትም አለበት። መብረቅ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ የተመታውን ለመቅረብ የሚፈራ አለ። ለእነዚህ ሰዎች የምለው፣ እየጸለዩም ደረት መጫን ይቻላል። ውሃ መድፋት፣ አፈር ማልበስና መቅበር ግን የሚያተርፈውን ደቂቃ ይበላሉ።

ሦስት እረኞች ተመትተው ደረሱ እንበል። ሁለቱ ይጮኻሉ፣ አንዱ ዝም ብሎ ወድቋል። እግር ወደሚጮኹት ይወስዳል፤ ዝም ያለው የሞተ ይመስላልና። በመብረቅ ጊዜ ግን ቅድሚያ ለዝምተኛው ነው። የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው፤ ይቆያል። ዝም ያለው እየተነፈሰ ካልሆነ በጀርባው አስተኝተው፣ የእጅዎን መዳፍ ደረቱ መሐል አድርገው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሰረጎደ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። ከ30 ጊዜ በኋላ አፍንጫውን ይዘው፣ አገጩን ቀና አድርገው ሁለት ጊዜ በአፉ ይተንፍሱለት። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። እርዳታ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር አታቁሙ።

የተረፈ ሰው እግሩ ሊዝል፣ ሰማያዊ ሆኖ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ይህ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ቆዳው ላይ የቅርንጫፍ ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት ሊወጣ ይችላል፤ እሱም ራሱ ይጠፋል። ያም ሆኖ ደህና ነኝ ቢል እንኳ በዚያው ቀን ይታይ። የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ፣ የልብ ምት ሊዛባ፣ ከወራት በኋላም ዓይን ላይ ሞራ ሊመጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች የፅንሱ ልብ መመርመር አለበት። ለወራት የሚቆይ የመርሳት፣ የእንቅልፍና የራስ ምታት ችግርም አለ፤ ቤተሰብ ስንፍና ነው ብሎ እንዳይፈርድበት።

የሰደድ እሳት

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ በእጁ በያዘው ቅጠልና ቅርንጫፍ እሳቱን ሲያጠፋ ነበር። ቆይቶ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እንደ እኔ ሐሳብ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በበቂ ያልተነገረው እሳት ለማጥፋት የወጣው ሰው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ጓሳና አስታ በደረቁበት ወቅት ማር ለመቁረጥ የተለኮሰ ጭስ፣ ከሰል ወይም የማሳ ምንጣሮ እሳት ከእጅ ካመለጠ መልሶ መያዝ ከባድ ነው፤ የሚጠራውም የአገሬው ሰው ነው።

እሳት ዳገት ላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ከእሳቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ወይም ሸለቆ ውስጥ አይቁሙ። ነፋሱ ቢዞር መሸሻዎ አስቀድሞ የተቃጠለው መሬት ነው። ናይለንና ፖሊስተር ልብስ፣ የኳስ ማሊያ፣ የፕላስቲክ ጫማ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ወፍራም የጥጥ ልብስና የቆዳ ጫማ ይልበሱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ውሃ ይያዙ። ከእሳቱ ፊት የሚውል ሰው ከላይ የነገርኩዎት ሂት ስትሮክ ያገኘዋል፤ ደጋ ላይ ቢሆንም።

ጭሱ የሚጎዳው በደቃቁ ብናኝ ነው። እርጥብ ነጠላ አመዱንና ትኩሱን አየር ያስታግሳል፤ ደቃቁን ብናኝና መርዛማውን ጋዝ ግን አያስቀርም። ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ብናኙን ይቀንሳል፤ ጋዙን ግን እሱም አያስቀርም። አስም፣ የቆየ ሳልና የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ጭሱ ወደሌለበት መንደር ቢሄዱ ይመረጣል። ካልተቻለ በሩና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቆዩ፤ በዚያ ክፍል ምድጃም ከሰልም አይለኮስ። የአስም መንፊያ ከኪስዎ አይለይ። ዓይን ካቃጠለ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ አይሹት።

ድምፁ የጎረነነ፣ አክታው ጥላሸት የቀላቀለ፣ የአፍንጫው ፀጉር ወይም ቅንድቡ የተለበለበ ሰው አሁን ደህና ቢመስልም ጉሮሮው ከሰዓታት በኋላ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። አይጠብቁ። ጭስ ውስጥ ቆይቶ ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰውና የፈዘዘውም እንዲሁ፤ በከሰል ጭስ ያለው ዓይነት መርዝ ገብቶት ይሆናል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ተታሎ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል ጭስ ውስጥ እንደነበረ ለሐኪሙ መንገር አይርሱ።

ቃጠሎ

ልብሱ ከተያያዘ እንዳይሮጥ ያድርጉት፤ መሬት ላይ ያንከባልሉት፤ በጋቢ አፍኑት። ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢዘገይም ይጠቅማል። ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ ሳያብጥ ያውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይላጡ።

በእኛ አገር ደጋ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። የምንጭ ውሃ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ሲቀዘቅዝ ብርዱ ራሱ ይጎዳዋል። ቁስሉን ያቀዝቅዙ፣ ሰውየውን ያሙቁ፤ ያልተቃጠለውን አካሉን በጋቢ ይሸፍኑ።

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ጭቃና እበት አይቀቡ። ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉን ይመርዛሉ፣ እኛም የጉዳቱን ጥልቀት ማየት ያቅተናል። ማርስ? ይሉኛል። በንጽሕና የተዘጋጀ ማር በሆስፒታል ለቁስል ይውላል፤ ከቀፎ የመጣው ግን ንጹሕ አይደለም፤ ለመብላት ይቆይ። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡ። በታጠበ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ላስቲክ ሳያጠብቁ ይሸፍኑት።

የተጎጂው መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ቃጠሎው በልጅ ከአምስት፣ በአዋቂ ከአሥር መዳፍ ከበለጠ፤ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፤ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን ከከበበ፤ ወይም ነጭ ሆኖ ደርቆ ሕመም ከሌለው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሕመም የለውም ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ተቃጥሏል ማለት ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነና ሰውየው ነቅቶ ከዋጠ ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ

የተቃዠ፣ ራሱን የሳተ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የመተንፈስ ችግር ያለበት፣ ደረቱን ያመመው፣ መብረቅ የመታው፣ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ወይም ሽንቱ የጠቆረና የቆመ ሰው እስከ ነገ አይቆይም። ከቀበሌ ጤና ኬላ ጀምሮ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከባዱ ደግሞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዙም፣ ደረት መጫኑም፣ ቁስል ማጠቡም እዚያው መንደር ላይ መጀመር አለበት።

የወረዳዎን አምቡላንስ ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብለው አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ኔትወርክ በማይገኝበት ቀበሌ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ስልክ የሚሠራበት ከፍታ የት እንደሆነና ማን ሮጦ እንደሚደውል ከጎረቤት ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ግን ወደዚያ አፋፍ ማንም አይውጣ፤ በመንገዱ ዝቅታ ተከትሎ ወደ ጤና ኬላው ሰው ይላክ።